ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም
(ስለ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መግቢያና ስለ አንድ የራሴ ጥፋት)

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ጉዳይ ምርጫም፣ ድርድርም፣ የአቋም መግለጫም የለበትም። ይሁን እንጂ በስደት ዓለም ተቀጥሮ የሚሠራው ወገን፣ ሆስፒታል ይሁን ባንክ፣ መጋዘን ይሁን ቢሮ፣ ቀኑን የሚጀምረው በዚሁ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተር "እኔ ነኝ፣ ክፈትልኝ" እያለ በመለማመጥ ማለቴ ነው።

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው፣ "የሥራ ቦታዬ ኮምፒዩተር በአንድ ቀን ማን እንደሆንኩ የሚጠይቀኝን ያህል ባለቤቴ በ30 ዓመት ትዳር ጠይቃኝ አታውቅም" ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልቆየልኝም። እኒያን ሰው ያስመረረውን ዓይነት ደንብ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በኮምፒዩተር ምህንድስና ሲሆን፣ ላለፉት 15 ዓመታት እንጀራዬ የመሥሪያ ቤት መግቢያዎችን መዘርጋትና መጠበቅ ነው። ሂስ ሲባል ብዙዎቻችን የሌላውን ሥራ ማብጠልጠል ይመስለናል። የዛሬው ሂስ ግን በራሴ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ 11 ገጽ ነው፣ ፊርማዬም አለበት፣ አንዲት እህታችንንም እንጀራዋን አሳጥቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ቀደም ባለው ጊዜ አንድ ሠራተኛ ለኢሜይሉ አንድ ፓስወርድ፣ ደመወዙን ለሚያይበት ሌላ፣ ዕረፍት ለሚጠይቅበት ሌላ፣ ለደንበኞች መዝገብ ደግሞ ሌላ ነበረው። ስድስትና ሰባት ፓስወርድ በቃሉ መያዝ ሲያቅተው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጎን ይለጥፋል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው በእንግሊዝኛው "ሲንግል ሳይን ኦን" የሚባለው አሠራር ነው። ጠዋት አንድ በር ላይ ማንነትህን ታስመሰክራለህ፤ ሌሎቹ በሮች ሁሉ በዚያው ምስክርነት ይከፈቱልሃል። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። በ1980ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም "አቴና" በተባለው ፕሮጀክት የተሠራው "ከርቤሮስ" ተጠቃሚውን አንዴ አረጋግጦ ወደየአገልግሎቱ የሚገባበት ቲኬት ይሰጠው ነበር። በኢንተርኔት ለሚሠሩ አገልግሎቶች ደግሞ "ሳምል" የተባለው ስምምነት በ2002 ወጥቶ በ2005 ታደሰ፤ በ2014 "ኦፕን አይዲ ኮኔክት" ተከተለው። ዛሬ ጠዋት መሥሪያ ቤታችሁ ስትገቡ ከመጋረጃው ጀርባ የሚሠራው ከነዚሁ ዘመዶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ አሠራር ጥቅም የማያከራክር ነው። ሠራተኛ ሲለቅ አንድ በር ስትዘጋበት ሁሉም ይዘጋበታል። ዘበኛም ቢሆን በሰባት በር ሰባት ደካማ ከማቆም በአንድ በር አንድ ብርቱ ማቆም ይሻላል። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። የግምጃ ቤቱም የኩሽናውም ቁልፍ በአንድ ቀለበት ስለተንጠለጠለ፣ ሌባ ያቺን አንዲት በር ካለፈ ቤቱ የእርሱ ነው። ስለዚህ በሯን እንዴት እንጠብቃት የሚለው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም።

እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ድርጅት ውስጥ፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጠነው መልስ በአጭሩ ይህ ነበር። አንደኛ፣ ሠራተኛ ሁሉ ፓስወርዱን በየ90 ቀኑ ይቀይር። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ለ15 ደቂቃ ካልተነካ እንደገና ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ቢነካም ባይነካም በየ4 ሰዓቱ እንደገና ይጠየቅ። አራተኛ፣ በተጠየቀ ቁጥር ስልኩ ላይ በሚመጣለት መልእክት "ፍቀድ" የሚለውን ይጫን።

ሲነበብ እንዴት ያምራል! ጥብቅ፣ ቆፍጣና፣ ለአለቃ የሚያኮራ። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እነዚህ መስመሮች ሲጻፉ ከመካከላችን "ይህኛው ከየትኛው ሌባ ነው የሚጠብቀን?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቀው "ኦዲተሩ ምን ይለናል?" የሚል ብቻ ነበር። የ15 ደቂቃውን የወሰድነው ከክፍያ ካርድ ኢንዱስትሪው ደንብ ነው። ያ ደንብ የተጻፈው የሰው የባንክ ካርድ ቁጥር ለሚያልፍባቸው ሥርዓቶች ነበር። እኛ ግን የስብሰባ ቀጠሮውን ለሚያይ ሰው ሳይቀር አለበስነው። የ90 ቀኑን ከየት እንዳመጣነው እንኳ በቅጡ የሚያስታውስ የለም። ከቀድሞው ወረቀት ላይ ነበር፤ የቀድሞው ደግሞ ከሌላ የቀድሞ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ እህታችን ልምጣ። በደንበኞች አገልግሎት ክፍል የማታ ፈረቃ በኮንትራት ትሠራ ነበር። ደንበኛ ደውሎ ችግሩን ሲያስረዳት 15 ደቂቃ ያልፋል፤ ኮምፒዩተሩ ይዘጋል። ደንበኛውን "አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ" ብላ ፓስወርዷን ትጽፋለች፤ ስልኳን ከቦርሳዋ ታወጣለች፤ "ፍቀድ" ትላለች። ደግሞ ሌላ ደንበኛ፣ ደግሞ "ፍቀድ"። አንዳንዴም ሳትነካው ጭምር፣ የ4 ሰዓቱ ጊዜ ሲሞላ ስልኳ በራሱ ይጠይቃታል። ፓስወርዷንም በየ90 ቀኑ ቀይሪ ስትባል ብዙዎቻችን እንደምናደርገው አደረገች። የልጇን ስም ጽፋ መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር አንድ አንድ ትጨምርበታለች።

አንድ ሌሊት ከፈረቃዋ ገብታ ጋደም እንዳለች ስልኳ ጠየቃት። ተወችው። ደግሞ ጠየቃት፤ ከለከለችው። ደጋግሞ ጠየቃት። ክፍት ትቼው የመጣሁት ኮምፒዩተር ነው የሚነዘንዘኝ ብላ "ፍቀድ" አለችና ተኛች። ከወዲያ በኩል የነበረው ግን ሌባ ነበር። ከዓመታት በፊት ከሌላ የገበያ ድረ ገጽ የተሰረቀው አሮጌ ፓስወርዷ እጁ ገብቶ፣ ቁጥሩን ከፍ ከፍ እያደረገ ሞክሮ አግኝቶታል።

በማግሥቱ ተደረሰበትና የከፋ ነገር ሳይመጣ ቀረ። በኋላ መዝገቡን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። እህታችን በአንድ ፈረቃ በአማካይ 14 ጊዜ "ፍቀድ" ትል ነበር፤ በ5 ፈረቃ 70 ጊዜ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት 71 ጊዜ ብላለች። ሰባው የራሷ ነበር። 71ኛው የሌባው።

ስብሰባ ተጠራ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው "የሠራተኛ ቸልተኝነት" የሚል ነው። እኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ከወር በኋላ ኮንትራቷ ሳይታደስ ቀረ። ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አግኝታኝ፣ "ጋሼ፣ እኔ እኮ እንደ ወትሮው የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር። እንደ ወትሮው እንዲጠይቃት ያደረግነው እኛ ነን። ሰባ ጊዜ ሳታይ እንድትፈቅድ አሠልጥነን፣ በ71ኛው ለምን አላየሽም ብለን ቀጣናት።

"ይህ የእናንተ ድርጅት ጉድ ነው" የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አይደለም። በመስከረም 2022 ኡበር የተባለው ግዙፍ ኩባንያ የተጠቃው በዚሁ መንገድ ነው። ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው፣ የአንድ ኮንትራክተር ፓስወርድ በሌባ እጅ ገባ፤ ሌባው ደጋግሞ ለመግባት ሲሞክር የማረጋገጫ ጥያቄው በተደጋጋሚ ወደ ኮንትራክተሩ ስልክ ተላከ፤ በመጨረሻም ኮንትራክተሩ አንዱን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሌባው በኩባንያው ሠራተኞች የመልእክት መለዋወጫ ላይ ገብቶ "ሰብሬ ገብቻለሁ" ብሎ እስከ ማወጅ ደርሷል። ይህ ዓይነቱ ጥቃት ዛሬ የራሱ ስም ወጥቶለታል፤ ሰውን በጥያቄ ብዛት ማድከም ይሉታል።

እስቲ አዲስ አበባን የምታውቁ አንድ ነገር አስታውሱ። በየሕንፃው በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሹ ሰዎች አሉ። ጠዋት የመጀመሪያውን ቦርሳ ከፍተው ያያሉ። አራት መቶኛው ላይ ሲደርሱ ዚፑን ሳብ አድርገው "እለፍ" ይላሉ። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሰው ስለሆኑ ነው። እኛ ደግሞ ያቺን እህት የራሷ ቦርሳ ፈታሽ አድርገን በር ላይ አቆምናት፤ ያውም የደንበኛ ስልክ በአንድ ጆሮዋ እየሰማች።

በሙያችን ስብሰባዎች ሁሉ የሚደጋገም አንድ ሐረግ አለ፤ "ደኅንነትንና ምቾትን ማመጣጠን" የሚል። እኔ የምነቅፈው ይህንን ሐረግ ራሱን ነው። በመጀመሪያ "ምቾት" የሚለው ቃል ተንኮል አለበት። ሠራተኛው ሶፋ ላይ ልተኛ ያለ ያስመስለዋል። እህታችን የጠየቀችው ምቾት አልነበረም፤ የተቀጠረችበትን ሥራ የምትሠራበት ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ "ማመጣጠን" ሲባል ሚዛን ይታየናል። በአንዱ ወገን ሠራተኛውን ባስጨነቅነው ቁጥር በሌላው ወገን ደኅንነት ከፍ የሚል ይመስለናል። የኔ ወረቀት የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሠራተኛዋን አስጨነቅን፣ ደኅንነቱም አብሮ ወረደ። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው።

ይህን ያወቅነው ዛሬ ነው እንዳይባል ደግሞ ሊቃውንቱ ከነገሩን ቆይቷል። ኦገስት ከርክሆፍስ የተባለው ምሁር በ1883 ስለ ወታደራዊ ምስጢር አጻጻፍ ካስቀመጣቸው 6 መርሆዎች የመጨረሻው፣ ሥርዓቱ ለአጠቃቀም ቀላል ይሁን፣ አእምሮን የሚያስጨንቅ ወይም የደንብ ጋጋታ ማስታወስን የሚጠይቅ አይሁን የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የተባለው ለጦር ሜዳ ነው! ሳልትዘርና ሽሮደር በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ተጠቃሚው ጥበቃውን ሳያስብ በትክክል እንዲሠራበት ሆኖ ይቀረጽ ብለው ከመሠረታዊ መርሆዎቻቸው ተርታ አስገቡት። አዳምስና ሳስ በ1999 ርእሱ ላይ ሳይቀር "ተጠቃሚው ጠላት አይደለም" ብለው ጻፉ። ሳስ ከሌሎች ጋር ሆና በ2008 ባቀረበችው ጥናት ደግሞ፣ ሠራተኛ ደንብ ለማክበር ያለው ትዕግሥት እንደ ገንዘብ በጀት መሆኑን አሳየች። በከንቱ ካስወጣኸው፣ በሚያስፈልግህ ቀን ኪሱ ባዶ ይሆናል። የእህታችንን በጀት እኛ 70 ጊዜ በከንቱ አስወጣናት።

የፓስወርዱ የ90 ቀን ታሪክማ የባሰ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ቀደም ሲል ያወጣው መመሪያ ይህን ልማድ ካስፋፉት ሰነዶች አንዱ ነበር። ጸሐፊው ቢል በር በ2017 ለዎል ስትሪት ጆርናል በሰጡት ቃል ብዙው ምክራቸው እንደሚጸጽታቸው ተናገሩ። በበኩሌ ኮፍያዬን አነሳላቸዋለሁ፤ በሙያችን ተሳስቻለሁ የሚል ሰው ብርቅ ነው። በ2010 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጉ የተማሪና የሠራተኛ አካውንቶችን መርምረው ነበር። የአንድን ሰው የቀድሞ ፓስወርድ ካወቁ፣ 17 በመቶ በሚሆኑት አካውንቶች ላይ የሚቀጥለውን ከ5 ባነሰ ግምት ማግኘት ችለዋል። የልጅ ስምና ቁጥር፣ የልጅ ስምና የሚቀጥለው ቁጥር! ያው ተቋም በ2017 በየጊዜው አስገድዶ ማስቀየሩን አትሞክሩት ሲል መከረ፤ ፓስወርዱ መሰረቁ ሲታወቅ ብቻ ይቀየር አለ። በ2025 ባወጣው አዲስ እትም ደግሞ ምክሩን ወደ ክልከላ ከፍ አደረገው። እንደገና ለመጠየቂያው ጊዜም ቢሆን፣ ለመካከለኛው የጥበቃ ደረጃ በ2017 ከ12 ሰዓትና ከ30 ደቂቃ ሥራ መፍታት እንዳያልፍ ያለውን፣ በ2025 ወደ 24 ሰዓትና ወደ 1 ሰዓት አራዝሞታል። የኛ ወረቀት 4 ሰዓትና 15 ደቂቃ ነበር የሚለው። ከመንግሥቱ ተቋም በላይ ጥብቅ ሆነን፣ ከሌባው ግን አላመለጥንም።

አሁን ለተቃራኒው ወገን ሚዛናዊ ልሁን። ቶሎ ቶሎ መጠየቅ ፈጽሞ ጥቅም የለውም አልልም። አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት ቦታ፣ ለምሳሌ በሆስፒታል ክፍል፣ ነርሷ ዞር ስትል ቶሎ መዘጋት አለበት። የታካሚ መዝገብ ክፍት ተትቶ አይኬድም። ነገር ግን መፍትሔው ረዥም ፓስወርድ በሰዓት አሥር ጊዜ ማስጻፍ ሳይሆን፣ የአንገት ባጇን ነካ አድርጋ የምትገባበት ማንበቢያ ማድረግ ነው።

ሌላም ክርክር አለ። አንዴ ከገባህ በኋላ ኮምፒዩተርህ የሚይዛት ማለፊያ አለች። ቶክን ይሏታል፤ በሠርግ ቤት በር ላይ ተጠይቀህ ከገባህ በኋላ ክንድህ ላይ እንደምትታሰር ክር ናት። ሌባ ያቺን ክር ከሰረቀ ፓስወርድህንም ስልክህንም አይፈልግም። ስለዚህ የክሯ ዕድሜ ይጠር ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ምን ያህል? በ2023 መጸው ኦክታ የተባለው፣ ሥራው ራሱ ይህንኑ የመግቢያ አገልግሎት መሸጥ የሆነ ኩባንያ፣ የደንበኞች እርዳታ መስጫው ተሰብሮ ነበር። ደንበኞች ችግር ለማስመርመር በላኳቸው ፋይሎች ውስጥ እነዚህ ማለፊያዎች ነበሩባቸው። ኩባንያው የ134 ደንበኞች ፋይል መነካቱን፣ በ5ቱም ላይ የተሰረቀው ማለፊያ ሥራ ላይ መዋሉን አምኗል። ከተነኩት አንዱ የሆነው ቢዮንድትረስት እንደገለጸው፣ ፋይሉ በተላከ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሌባው ማለፊያዋን ይዞ መጥቷል። በ30 ደቂቃ ለሚመጣ ሌባ የኛ 4 ሰዓት ምን ሊያደርግለት ነው? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። በዚያን ዕለት ሌባውን ከአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ያገደው ሰዓት ሳይሆን፣ "በድርጅቱ በታወቀ ኮምፒዩተር ካልሆነ አይገባም" የሚል ደንብ ነበር። ሠራተኛውን አንድም ጊዜ የማይነዘንዝ ደንብ ማለት ነው።

እንግዲህ የክርክሬ ማዕከል እዚህ ላይ ነው። የጥበቃ ጥንካሬ የሚለካው በጥያቄው ብዛት ሳይሆን በጥያቄው ዓይነት ነው። በ2022 ክረምት ሌቦች ለብዙ ኩባንያ ሠራተኞች የመሥሪያ ቤታቸውን መግቢያ የሚመስል የውሸት ገጽ አድራሻ በስልክ መልእክት ላኩ። ትዊሊዮ የተባለው ኩባንያ ተሰበረ። ክላውድፍሌር የተባለውም መልእክቱ ደርሶት ነበር፤ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቢያንስ 76 ሠራተኞቹ ስልክ ላይ ገባ። ከነሱ ውስጥ 3ቱ ተታልለው ፓስወርዳቸውን ጽፈዋል። ሌባው ግን መግባት አልቻለም። ለምን? ሠራተኛው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ የደኅንነት ቁልፍ ነበረው። ይህ ቁልፍ እውነተኛውን አድራሻ ከውሸተኛው ራሱ ይለያል፤ የውሸት ገጽ ላይ አይሠራም። ሠራተኛው ቢታለል እንኳ ቁልፉ አይታለልም። በዚያ ቤት የተታለሉት 3 ሰዎች "ቸልተኛ" ተብለው የሥራ ማጣት ዕጣ እንዲደርሳቸው የሚያደርግ ምክንያት አልተፈጠረም። ዛሬ ያው ጥበብ "ፓስኪ" በሚል ስም በስልካችንና በላፕቶፓችን ውስጥ በጣት አሻራ ይሠራል። ይህን ለመግዛት ያልቻለ ድርጅት እንኳ ቢያንስ "ፍቀድ" የሚለውን ባዶ ቁልፍ ትቶ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የወጣውን ቁጥር ስልክ ላይ ማስጻፍ ይችላል። ማይክሮሶፍት ይህንኑ ከግንቦት 2023 ጀምሮ በማረጋገጫው ላይ ግዴታ አድርጎታል። ተኝታ የነበረችው እህታችን ይህ ቢኖር ኖሮ የምትጽፈው ቁጥር ከየት ታመጣ ነበር? ሌባው ከየትም አይገባም ነበር።

ይህም ቢሆን ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። ቁልፉ ወይም ስልኩ የጠፋበት ሰው ወደ እርዳታ ዴስክ ይደውላል፤ በሩ ሲጠነክር ሌባ ወደዚያው ስልክ ይዞራል። በመስከረም 2023 ኤም ጂ ኤም የተባለው የላስ ቬጋስ ሆቴልና ቁማር ቤት ሲጠቃ፣ እንደተዘገበው ሌቦቹ የሠራተኛ ስም ተጠቅመው እርዳታ ዴስኩን አታለሉ። ኩባንያው የደረሰበትን ጉዳት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ስለዚህ ስልክ የሚያነሳው ልጅ ደዋዩን በምን እንደሚያረጋግጥ አብሮ ካልተጻፈ፣ የፊቱን በር በብረት አጥሮ የጓሮውን በቅጠል መዝጋት ነው።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ የተለየ ጣጣ አለው። እናቱ አርፋ ወደ አገር ቤት የበረረ ሰው፣ ትናንት ከቨርጂኒያ ዛሬ ከአዲስ አበባ ሲገባ ኮምፒዩተሩ "ይህ ሰው ሊሆን አይችልም" ብሎ ይዘጋበታል። ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው አሜሪካ ትቶት ወደ ሄደው ስልክ ቁጥር ነው። ሐዘን ላይ ተቀምጦ በሌሊት ከእርዳታ ዴስክ ጋር ይሟገታል። ደንቡን የሚጽፈው ሰው ዘመዶቹ ሁሉ በአንድ ግዛት የሚኖሩ ከሆነ ይህ አይታየውም። እኔ ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ሊታየኝ ይገባ ነበር።

ለመሆኑ ዛሬ ብጽፈው ወረቀቱ ምን ይል ነበር? አንድ ገጽ ይበቃዋል። ሠራተኛው ጠዋት አንድ ጊዜ በማይታለል ቁልፍ ይግባ። በራሱና በድርጅቱ በታወቀ ኮምፒዩተር ላይ እስካለ ድረስ ቀኑን ሙሉ አይነዝነዝ። ስክሪኑ ሲዘጋ በጣቱ ይክፈተው። ነገር ግን የደመወዝ ሂሳብ ሲቀየር፣ የደንበኛ መዝገብ በጅምላ ሲወጣ፣ የሌላ ሰው መብት ሲጨመር፣ ያን ጊዜ ቆም ተደርጎ ይጠየቅ። ጥያቄው ብርቅ ሲሆን ሰው ያየዋል። ፓስወርድ የሚቀየረው መሰረቁ ሲታወቅ ይሁን። ስልክ የሚያስፈልግ ከሆነ ድርጅቱ ይግዛ እንጂ በኮንትራት ሠራተኛ ስልክ አይጠቀም። የመጨረሻው መስመር ደግሞ፣ አንድ ሠራተኛ በመታለሉ ብቻ ቤቱ የሚከፈት ከሆነ ጥፋቱ የቤቱ ነው የሚል ይሆናል።

የዚህን ዓይነት ወረቀት ለምትጽፉ የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ልመና አለኝ። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሙሉ ፈረቃ በማታ ሠራተኛው ወንበር ተቀመጡ። ስንት ጊዜ እንደተጠየቃችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፉት። እኔ የቆጠርኩት ካለፈ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለሠራተኛው ወገኔ ደግሞ የምለው አጭር ነው። ሳትጠይቁት ስልካችሁ ላይ "ፍቀድ" የሚል ከመጣ ከልክሉ፤ ደጋግሞ ቢመጣ በሌሊትም ቢሆን ለመሥሪያ ቤታችሁ ደውሉ፤ "የአይቲ ክፍል ነኝ፣ ፍቀድ" የሚል ሰው ቢደውልላችሁም ዝጉበት። በጥያቄ ብዛት መሰላቸታችሁንም ለአለቃችሁ በጽሑፍ አስታውቁ። ጥፋቱ ሲመጣ ወረቀት ያለው ይከራከራል፤ እህታችን ወረቀት አልነበራትም።

እህታችን በኋላ ሌላ ሥራ አግኝታለች፤ ደህና ናት። በቅርቡ ደውዬ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ዝም ማለቴን ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ "አሁን ያለሁበት ቦታ ጠዋት አንዴ ጣቴን አስነክቼ እገባለሁ፣ በቃ" አለችኝ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። የቀድሞው ድርጅት ቃለ ጉባኤ ግን እስከማውቀው ድረስ ዛሬም "የሠራተኛ ቸልተኝነት" እንዳለ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ትክክለኛው እንዲሰፍር ነው። ቸልተኛው እኔ ነበርኩ።

ቸር ይግጠመን።